መልስ ለጥርስ ሕክምና ተማሪ፦ «መርፌውን መሃል ላይ ይቀበሉኛል፣ መቼ ነው ብቻዬን የምሠራው?»

ሐዋሳ ላይ የታችኛውን መንጋጋ ስታደነዝዝ ኢንስትራክተርህ የሚቀበሉህ ዝም ስለምትል ሳይሆን አይቀርም። ታካሚው ሳይቀመጥ ዕቅድህን ንገራቸው፦ የትኛው ጥርስ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ፣ በመርፌው የመንጋጋውን አጥንት ካልነካህስ ምን እንደምታደርግ። «አጥንት ስነካ እነግርዎታለሁ» በላቸው።

በአዋቂ ሰው አጥንቱ የሚነካው መርፌው 20–25 ሚሊ ሜትር ሲገባ ነው። የረጅሙ መርፌ ግማሽ ሳይገባ ከነካህ ጫፉ ወደ ፊት ቀርቷል፤ ትንሽ ሳብ አድርገህ ሲሪንጁን በተቃራኒው ወገን ወዳለው ክራንቻ አምጣ። ጨርሶ ካልነካህ ወደ መንጋጋ ጥርሶቹ መልሰው። ደም አለመኖሩን ስበህ እይ፣ 1.5 ሚሊ ሊትር በ1 ደቂቃ ስጥ፣ 3–5 ደቂቃ ጠብቅ።

አጥንት ሳትነካ ግን መድኃኒቱን እንዳትለቅ። ጆሮ አጠገብ ያለው የምራቅ ዕጢ (ፓሮቲድ) ውስጥ ከገባ የፊት ነርቭ ይደነዝዝና ታካሚው ዓይኑን መክደን ያቅተዋል፤ ለሰዓታት።

ታካሚው ሲዳምኛ ብቻ ከሆነ የሚናገረው፣ «ከንፈርህ ደንዝዟል?» የምትለውን ቀድመህ ልመድ። ራስ መነቅነቅ መልስ አይደለም።