ዝናቡ ለሁሉም እኩል ከዘነበ ምርቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። እኔ አዲስ አበባ ተቀጥሬ የምሠራ ወጣት ስሆን እናቴ ከአቃቂ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ፣ ስድስት ጥማድ በሚሆን ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ እያመረተች ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ለተዝካሩ ስለሸጠችው መሬቱን የሚያርስላት ምርቱን የሚካፈል የእኩል አራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርቷ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጥቶ፣ ዘንድሮ የጎረቤቶቿ ማሳ ደህና ሲሰጥ የእሷ ጤፍ ፍሬው ሳይሞላ ደርቆ ቀረ። በሬዲዮ «የአየር ንብረት ለውጥ ሴት ገበሬዎችን ይበልጥ ይጎዳል» ሲባል እሰማለሁ፤ ነገሩ ግን አይገባኝም። ዝናብ የወንድ ማሳ፣ የሴት ማሳ ብሎ አይዘንብም። እናቴ መሬቱን ለብዙ ዓመት አከራይታ እኔ ዘንድ ብትገባ ይሻላል ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝናቡ ማሳ እንደማይለይ የጻፉት እውነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዝናቡ ለሥራ በሚተወው ቀን ላይ ነው፤ የእናትዎን ጉዳትም ከዚያ ብንነሣ በቀላሉ የምናገኘው ይመስለኛል።

የአቃቂን ጥቁር አፈር እርስዎም ያውቁታል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከማረሻው ላይ አይላቀቅም፣ እግር ላይ ተለጥፎ መራመድ ይከለክላል። ለእርሻ የሚመቸው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠብ ሲል ገበሬው መሬቱን ቀደም ብሎ ይገምሳል፤ ጤፍ አራትና አምስት ጊዜ መታረስ የሚፈልግ ሰብል በመሆኑም ቀሪውን እርሻ እስከ ሐምሌ እየከፋፈለ ይጨርሳል። በልጉ ሲቀር ወይም ሲዘገይ ግን ይህ ሁሉ ሥራ በሰኔና በሐምሌ ላይ ይደራረባል። የቀበሌው ገበሬ ሁሉ በአንድ ሳምንት በሬ ይፈልጋል፤ በሬዎቹም የበጋው መኖ ስላነሳቸው ከስተው ነው የሚጠመዱት።

እንዲህ ባለው ሳምንት ቀድሞ የሚታረሰው የማን ማሳ ነው? የእኩል አራሹ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፤ ቀጥሎ በመቀናጆ በሬ ያጣመረውን ባልንጀራውን ያግዛል፤ የእናትዎ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬውን ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ እሱም ልጆች ይኖሩታል። ይሁን እንጂ በአገራችን እርፍ መጨበጥ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ባል የሞተባት ሴት መሬት እያላት የእርሻዋን ቀን የሚወስነው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ወንፈል እንዳትገባ ብድሩን ወጥቶ የሚመልስላት ጎልማሳ ከቤቷ የለም። ደቦ እንዳትጠራ ጠላውና እንጀራው ከጎተራዋ አቅም በላይ ነው።

በዚህ አፈር ላይ ጤፍ በአብዛኛው ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ይዘራል። ተራ ጠብቆ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የተዘራ ጤፍ ፍሬ መያዝ የሚጀምረው ዝናቡ በወጣበት ወቅት ነው፤ «ፍሬው ሳይሞላ ደርቆ ቀረ» ያሉትም ይህንኑ ይመስለኛል። በዚያ ላይ አምስት ጊዜ መታረስ የነበረበት መሬት ሁለት ጊዜ ብቻ ከታረሰ አረሙ ይበዛል፤ አጎንብሰው ሲያርሙ የሚውሉት ደግሞ እናትዎ ናቸው። የአራሹን ቸልታ በራሳቸው ወገብ ይከፍሉታል ማለት ነው።

ጉዳዩ የእናትዎ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው፣ በ24 አገሮች ከ100 ሺህ በላይ የገጠር ቤተሰቦችን ባካተተ ጥናት፣ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች በሙቀት ምክንያት የሚያጡት ገቢ በወንድ ከሚመሩት በአማካይ 8 በመቶ፣ በጎርፍ ምክንያት የሚያጡት ደግሞ 3 በመቶ እንደሚበልጥ ተመልክቷል።

ባል ያላቸውም ሴቶች ከዚህ አያመልጡም። በግጦሹ መሬት ላይ ቤት እየተሠራበት በሄደበት በዚህ በከተማው ዳርቻ፣ ዝናብ ሲያንስ ጭዱም ይቀንሳል፣ ላሚቱም ወተቷን ትነሳለች፤ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው የእርጎና የቅቤ ገንዘብ ደግሞ የሴቲቱ ነበረች። እንጨት ስለጠፋ እበቱ ማሳ ላይ መበተኑ ይቀርና ኩበት ሆኖ ይነዳል። አንድ ጊዜ በዚያው አካባቢ ከአንዲት እናት ደጅ ቆሜ፣ በድንጋዩ አጥር ላይ የእጃቸው ጣቶች አሻራ የቀረበትን የኩበት ረድፍ ሳይ፣ «ይኼ ለመሬቱ ነበር፤ ግን ማታ ምን ላንድድ?» ያሉኝን አልረሳውም። እበት ያልተመለሰለት አፈር ውሃ የመያዝ አቅሙ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በቀጣዩ ዓመት አጭር ድርቅ እንኳ ይበረታበታል። እሳቸው ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ያጡት ሌላ ማገዶ ነው።

ወደ መላው ልመለስ። ከሁሉ አስቀድመው የመሬቱን ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይመልከቱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ደብተሩ እስከ አሁን በአባትዎ ስም ብቻ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስተካክሉት፤ ስሟ በደብተሩ ላይ የሌለ ሴት ከአራሽ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ይደክማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሉ ነው። የእኩል ውል በአብዛኛው የሚደረገው በቃል ሲሆን የሚነገርበትም ምርቱ እንዴት እንደሚከፈል ብቻ ነው። እናትዎ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ ዘሩ እስከ የትኛው ቀን መሬት እንደሚገባ፣ ቀኑ ካለፈ የአራሹ ድርሻ በምን ያህል እንደሚቀንስ ይጻፍ። የቀረው በሬ ደግሞ ትልቅ የመደራደሪያ አቅም ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ፈልገው በመቀናጆ ቢያጣምሩትና፣ ገበሬው ሲያርስላቸው በምላሹ በሬያቸውን ቢጠቀም፣ የመጨረሻውን ተራ ከመጠበቅ ይድናሉ። እርስዎ ከደመወዝዎ ጥቂት ቆጥበው ከሁለትና ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በመሆን ለመጀመሪያው እርሻ ትራክተር ብትከራዩ ደግሞ፣ የገንዘብ ርዳታ ከሚልኩላቸው ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ነው።

ዘሩንም ያስቡበት። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የጤፍ ዝርያዎች መካከል በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ በምርታማነቱ የታወቀ ነው፤ መዝራቱ ዘግይቶ ከሆነ ግን በሦስት ወር ገደማ የሚደርሰው ጸደይ የተባለው ዝርያ ይሻላል። የዝርያ ወሬ የሚወራው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ ለስብሰባው የሚጠራው ግን ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። እናትዎ በራሳቸው ስም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ይሁኑ፤ የግብርና ባለሙያዋን ወይም ባለሙያውንም እርስዎ ቅዳሜ ሲሄዱ አብረው ያነጋግሩ።

መሬቱን አከራይተው እርስዎ ዘንድ ይግቡ ወይስ አይግቡ ለሚለው፣ እኔ ብሆን መሬቱን ለብዙ ዓመት ከመስጠቴ በፊት በተስተካከለ ውል አንድ ክረምት እሞክር ነበር። ከዚያ በፊት ግን እሳቸውን ይጠይቋቸው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ የእናትዎን ፍላጎት የሚገልጽ አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘሁም። በሚመጣው ክረምትም ተራው ዘግይቶ ነሐሴ ካለቀ፣ ያን ማሳ በጤፍ አያስጨንቁት፤ ሽምብራ አፈሩ በያዘው እርጥበት ስለሚያድግ መስከረም ላይ እንኳ ይዘራል፣ እናትዎም አያያዙን ያውቁበታል።