በሕዝብ አስተዳደር ተመርቆ ከወረዳ ሌላ የት ይኬዳል?

ወረዳውን ብቻ አትጠብቂ። «ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ በሕዝብ አስተዳደር ተመርቄ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሌላ የት ላመልክት?» ላልሽው፣ የሰው ሀብት፣ የግዥና የዕቅድ ክትትል መደቦችን ፈልጊ። በክፍለ ከተማም፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም፣ በሆስፒታልም አሉ። ቂሊንጦ ያሉት ፋብሪካዎችም ቅርብሽ ናቸው። የሰው ሀብት ክፍል አላቸው። ለጀማሪ እንዲያውም እዚያ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ልምድ ቶሎ ይያዛል።

«ዜሮ ዓመት» የሚል፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ስታዪ በዚያው ቀን ተመዝገቢ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የእኔ ዲግሪ «የሕዝብ አስተዳደርና የልማት ሥራ አመራር» ይላል። ማስታወቂያው «የሕዝብ አስተዳደር» ብቻ ስለሚል ስመዘገብ መለሱኝ። ትምህርት ክፍሌ ተመሳሳይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እስኪጽፍልኝ ምዝገባው ተዘጋ። በጣም ነው የቆጨኝ። ያንቺም ወረቀት ላይ ያለው ስም ከተለየ ደብዳቤውን ካሁኑ አስጽፊ።