አንድ ጊዜ ገብቶ ሳይወጣ የቀረው መቺ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤ እኔ የደሴ ልጅ ስሆን ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። የመስመራችን የቴክኒክ ኃላፊ ከስሪላንካ የመጡ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ከአገራቸው ሰዎችና ከጥቂት ሕንዶች ጋር ሆነው ክሪኬት ይጫወታሉ፤ እኔም የራቀ ኳስ በመመለስ ጀምሬ ዛሬ ሕጉን በከፊል ለምጃለሁ። በቅርቡ ስቱዋርት ሎው ስለሚባል አውስትራሊያዊ መቺ አጫወቱኝ። በአምስት ቀኑ ጨዋታ፣ ማለትም በቴስት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለአገሩ ተሰልፎ የእርሳቸውን አገር ቡድን እንደገጠመና ማንም ሳያስወጣው እንደጨረሰ፣ ዳግመኛም እንዳልተጠራ ነገሩኝ። በስልካቸው ያሳዩኝ ሰንጠረዥ ላይ አማካይ ውጤቱ ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ሰረዝ ብቻ አለ። ሰውየው ጎበዝ ከነበረ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ተሰለፈ? አማካዩስ እንዴት ባዶ ይሆናል? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ? (አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኃላፊዎ የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ ከአንዱ ጨዋታ እጅግ ስለሚሰፋ፣ ጥያቄዎን በአጭሩ መልሰን ለማለፍ አልፈለግንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤዎ በደረሰን ሳምንት የዚህ ዓምድ አዘጋጅ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ የእሑዱን ጨዋታ በዓይኑ ተመልክቷል። ሦስት ጡብ በቁሙ ተደርድሮ እንደ ግብ ቆሟል፤ ኳሱ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር የተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ ነው፤ መቺው ጠፍጣፋውን እንጨት ይዞ ከጡቡ ፊት ይቆማል፣ ወርዋሪው ከማዶ እየሮጠ መጥቶ ኳሱን መሬት አስነክቶ ይልክበታል። ክሪኬትን አይተው ለማያውቁ አንባቢያን ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘውን ያህል ብንነግራቸው ይበቃል። ሁለት መቺዎች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ይሆናሉ፤ ኳሱ ተመትቶ ሳይመለስ ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ሩጫ ይቆጠራል፤ ኳሱ ከሜዳው ጠርዝ ካለፈ አራት፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ ደግሞ ስድስት ይሆናል። መቺው የሚወጣው ኳሱ ከኋላው እንደ ግብ የቆሙትን እንጨቶች (በኮምቦልቻው ጨዋታ ጡቦቹን) ከመታ፣ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ ወይም ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ሌሎች ምክንያቶች አንዱ ከደረሰበት ነው። ከወጣ በዚያ ተራ ተመልሶ አይመታም። ለዚህም ነው በእግር ኳስ አንድ ስህተት የሠራ አጥቂ በሚቀጥለው ደቂቃ ሊክስ ሲችል፣ የክሪኬት መቺ ግን በአንድ ስህተት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚመለከተው።

አሁን ወደ ሎው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 በብሪዝበን የተወለደው ይህ ሰው ለትውልድ ግዛቱ ለኩዊንስላንድ ሲጫወት ያደገ መቺ ነው። በታኅሣሥ 1995 የአውስትራሊያ የመሐል ምሰሶ የነበረው ስቲቭ ዎ በጉዳት ምክንያት መሰለፍ ሳይችል በመቅረቱ፣ በፐርዝ ከተማ ከስሪላንካ ጋር በሚደረገው ቴስት ሎው እንዲተካ ተጠራ። በዚያው ጨዋታ ላይ ገና 20 ዓመቱ የነበረ ሪኪ ፖንቲንግ የሚባል ወጣትም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። አውስትራሊያውያን ያን ጊዜ ስሪላንካን ያለ ርኅራኄ ነበር የመቱት፤ ማይክል ስሌተር 219፣ ማርክ ዎ 111 ሩጫ አስመዘገቡ፣ ፖንቲንግ በ96 ላይ ወጣ፣ ሎው ደግሞ 54 አድርሶ በሜዳው ላይ ነበር። አምስት ሰው ወጥቶ ውጤቱ 617 በደረሰ ጊዜ አምበሉ ማርክ ቴይለር ይበቃናል ብሎ የመምታት ተራቸውን ዘጋ። ይህ በክሪኬት የተፈቀደ ነው፤ ቀሪው ጊዜ ተጋጣሚን ለማስወጣት እንዲበቃ አምበሉ በራሱ ፈቃድ ተራውን ያቆማል። ሎው ስለወጣ ሳይሆን ተራው ስለተዘጋ ከሜዳ ተመለሰ። አውስትራሊያ በአንድ የመምታት ተራ ብቻ አሸነፈችና ሁለተኛ ጊዜ መምታት አላስፈለጋትም፤ እርሱም ዳግመኛ ለመግባት ዕድል አላገኘም።

የሰረዙ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። የመቺ አማካይ የሚሰላው ያስመዘገበው ሩጫ በተጫወተበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ ሳይሆን በወጣበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ ነው። ሳይወጣ የቀረበት ተራ ሩጫው ይደመርለታል፣ አካፋዩ ግን አይጨምርበትም። ለምሳሌ የምንጊዜም ታላቁ መቺ የሚባለው ዶናልድ ብራድማን በቴስት 6,996 ሩጫ አስመዝግቦ 70 ጊዜ ስለወጣ አማካዩ 99.94 ሆነ። በ1948 ለንደን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ አራት ሩጫ ብቻ ቢጨምር አማካዩ መቶ ይሞላ ነበር፤ እርሱ ግን ያለ አንዳች ሩጫ ወጣ። በዚያው ዓመት የዌስት ኢንዲሱ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) አንዲ ጋንቶም በብቸኛ ቴስቱ 112 ሩጫ አድርጎ አንድ ጊዜ ስለወጣ አማካዩ 112 ሆኖ ከብራድማን በላይ ተመዘገበ። ሎው ግን አንድ ጊዜም ስላልወጣ 54ን የሚያካፍል ቁጥር የለም፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ያዩት ሰረዝ የመረጃ ጉድለት አይደለም፤ የመዝጋቢውም ስንፍና አይደለም።

ለምን አልተመለሰም ለሚለው መልሱ የሚያሳዝን ያህል ቀላል ነው። ስቲቭ ዎ ከጉዳቱ አገግሞ በሚቀጥለው የሜልበርን ቴስት ላይ ተሰለፈና ሳይወጣ 131 ሩጫ አስመዘገበ። ከቡድኑ አንድ ሰው መቀነስ ስላለበት ሎው ተቀነሰ፤ በዕድሜ የሚያንሰው ፖንቲንግ ግን ቀረ። በአንድ ቀን ከተጀመሩት ሁለት የቴስት ሕይወቶች አንደኛው እስከ 168 ጨዋታና 13,378 ሩጫ ሲጓዝ፣ ሁለተኛው በአንድ ጨዋታ ተዘጋ። መራጮቹ ተሳስተዋል ለማለት አንደፍርም፤ ፖንቲንግ የአገሩ ታላቅ አምበል እስከ መሆን ደርሷልና። ይሁን እንጂ ሎው ብቃት አጥቶ እንደተባረረ አድርገው የሚናገሩ ሰዎችን አጥብቀን እንቃወማለን። የአንድ አገር ቡድን ለመቺዎች ያለው ቦታ ስድስት ገደማ ብቻ ነው፤ በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ግን በሌላ አገር ያለ ጥርጥር የሚሰለፉ መቺዎች እነዚያ ቦታዎች እስኪለቀቁ በወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ይህ የሎው ብቻ ዕጣ አልነበረም። ብራድ ሆጅ በ2005 በፐርዝ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሳይወጣ 203 ሩጫ አስመዝግቦ፣ አማካዩም 55.88 ሆኖ፣ በስድስት ቴስት ብቻ ቀርቷል። ማርቲን ላቭ በ2003 ባንግላዴሽ ላይ ሳይወጣ ልክ 100 ያስመዘገበበት ጨዋታ የመጨረሻ ቴስቱ ሆነ። ጄሚ ሲደንስ ደግሞ በአገር ውስጥ ከ11,000 በላይ ሩጫ አስመዝግቦ ቴስት የሚባል ነገር ሳይቀምስ በ1988 በፓኪስታን ለአንድ የአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈው።

ሎው በአንድ ቀኑ ጨዋታ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አግኝቷል፤ ከ1994 እስከ 1999 ለአገሩ 54 ጊዜ ተሰልፏል። ቁጥሩ በብቸኛ ቴስቱ ካስመዘገበው ሩጫ ጋር መግጠሙ የሚገርም ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየን በመጋቢት 1996 በሕንድ ሞሃሊ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው። የዌስት ኢንዲስ ፈጣን ወርዋሪዎች ከርትሊ አምብሮዝና ኢያን ቢሾፕ ገና በጅምሩ አራት አውስትራሊያውያንን አስወጥተው ውጤቱ 15 ብቻ ነበር፤ ከወጡት መካከል ሁለቱ የዎ ወንድማማቾችና ፖንቲንግ ይገኙበታል። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሎው ከማይክል ቤቫን ጋር ቆሞ 138 ሩጫ አከማቸ፤ እርሱ 72፣ ቤቫን 69 አስመዘገቡ። አውስትራሊያ በ207 ጨርሳ በአምስት ሩጫ ልዩነት አሸነፈች። ከሦስት ቀን በኋላ በላሆር በተደረገው ፍጻሜ ግን ዋንጫውን የወሰደችው የኃላፊዎ አገር ስሪላንካ ናት።

በእኛ አስተያየት የሎው ትልቁ ሥራ የሚገኘው ግን ብዙ ሰው በማይመለከተው በአገር ውስጥ ውድድር ነው። ኩዊንስላንድ ሸፊልድ ሺልድ በሚባለው የግዛቶች ውድድር መወዳደር የጀመረችው በ1926 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ስድስት አሥርት ዓመታት አልፈው አንድም ጊዜ ዋንጫውን አላነሣችም ነበር። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ያወረሰው ይህ ጥበቃ ያበቃው በመጋቢት 1995 በብሪዝበን ደቡብ አውስትራሊያን ባሸነፉ ጊዜ ነው፤ አምበሉም ያኔ 26 ዓመቱ የነበረው ስቱዋርት ሎው ነበር። ለአንድ ከተማ ሰው ይህ ከስንት ቴስት ይበልጥ ይሆን? የሆጤን ሜዳ ዙሪያ ቆመው ቡድናቸውን ዓመት ከዓመት የሚጠብቁ ሰዎች መልሱን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል ብለን እናምናለን።

በእንግሊዝም ለኤሴክስ፣ ከዚያም ለላንካሻየር ለረጅም ዓመታት ተጫውቷል፤ በ1999 ለኤሴክስ በአንድ ተራ 263 ሩጫ አስመዝግቧል። ብዙ ቀን በሚፈጁት፣ የአንደኛ ደረጃ በሚባሉት ውድድሮች ሁሉ ተደምሮ 27,080 ሩጫና 79 ጊዜ መቶ ወይም ከዚያ በላይ አለው፤ አማካዩም ከ50 በላይ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ሰረዝ የለም።

መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ2011 የባንግላዴሽን ቡድን ሲረከብ ከእርሱ በፊት ያሠለጥን የነበረው ከላይ የጠቀስነው ጄሚ ሲደንስ ነው፤ በቴስት ዕድል ብዙም ያልቀናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን አንድን ወጣት ቡድን ተራ በተራ ኮትኩተዋል ማለት ነው። በ2012 የእስያ ዋንጫ ባንግላዴሽ ሕንድንና ስሪላንካን አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በዳካም በፓኪስታን በሁለት ሩጫ ብቻ ተሸነፈች። በሰኔ 2024 ደግሞ ሎው ያሠለጥናት የነበረችው አሜሪካ፣ ክሪኬት ብዙም የማይታወቅባት አገር ሆና ሳለ፣ በዳላስ አቅራቢያ ውጤቱ እኩል ሆኖ በተጨመረው የመለያ ዙር ፓኪስታንን አሸንፋለች።

ኃላፊዎ ምናልባት ያላነሡልዎት አንድ ነገር ቀርቷል። ሎው ባንግላዴሽን ከመረከቡ በፊት፣ በዚያው በ2011፣ የስሪላንካ ብሔራዊ ቡድን ጊዜያዊ ዋና አሠልጣኝ ነበር፤ በፐርዝ ሳያስወጡት የተመለሰውን ሰው እነርሱው ቡድናቸውን እንዲመራ አደረጉት። በሚቀጥለው እሑድ ኳሱን ሲመልሱላቸው ያን ዓመት ያስታውሱት እንደሆነ ይጠይቋቸውና የሚሉዎትን ይጻፉልን።