የጠወለገ አበባ ከየት ላይ ይቆረጣል?

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽውን አየሁት፦ ጽጌረዳሽና ዳሊያሽ አብበው ጨርሰው አበባው እላያቸው ላይ ደርቋል፤ ይቆረጥ ወይስ ራሱ ይርገፍ፣ ከተቆረጠስ ከየት ላይ? ይቆረጥ። ዋናው ቁም ነገር ግን ከየት ላይ የሚለው ነው፤ ቀጣዩ አበባ የሚመጣው መቀሱ ካረፈበት ቦታ ሥር ካለው ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት ትንሽ እብጠት ነውና።

ምክንያቱን ቀጋ ላይ ታገኚዋለሽ። ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ አበባው ሲረግፍ ሥሩ ያብጥና ፍሬ ይይዛል። የግቢ ጽጌረዳም ካልተነካ ብዙው እንደዚያው ያፈራል፤ ምግቡ ወደ ዘር ይሄድና አዲስ እምቡጥ ማውጣቱ ይዘገያል።

ጽጌረዳው ላይ ከጠወለገው አበባ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ላይኞቹ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ሦስት ትንንሽ ቅጠል የያዙ ናቸው፤ እለፊያቸው። አምስት የያዘው የመጀመሪያው ጋ ስትደርሺ ብብቱን እዪ፤ ትንሽ እብጠት አለችበት፣ ዓይን የምንላት እሷን ነው። ወደ ውጭ የምታይ ከሆነች ከእሷ በላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ትተሽ፣ ውሃው ወደ ዓይኗ እንዳይወርድ አዘንብለሽ ቁረጪ። ወደ መሃል የምታይ ከሆነች አንድ ቅጠል ዝቅ በዪ፤ አለዚያ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ ያድግና ተክሉ ይታፈናል። በጣም ከተጠጋሽ ዓይኗ ትደርቃለች። ረጅም ጉቶ ከተውሽ ደግሞ ጉቶው ይጠቁርና ድርቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጀማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው አበባውን ከአንገቱ ብቻ እየቀነጠሰ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ቅርንጫፍ ቀጭን ስለሚሆን አበባውን መሸከም ያቅተዋል። ዘንድሮ ለተተከለ ግን እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ ቅጠሉ ሥሩን ለማጠናከር ያስፈልጋል። በደንብ የተቆረጠ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መልሶ ያብባል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል።

ዳሊያ ላይ ተጠንቀቂ፣ ያልፈነዳ እምቡጥና ያለፈ አበባ ይመሳሰላሉ። ክብና ጠጣር የሆነው እምቡጥ ነው። ሾጣጣውና ሲጫኑት ለስለስ የሚለው ያለፈበት ነውና እሱን እስከ ቅጠሉ አንጓ ድረስ ወርደሽ ቁረጪው። ጄራንየም መቀስ አይፈልግም፤ የአበባውን ዘንግ ከግንዱ ጋር ከተያያዘበት በእጅሽ ሰበር አድርጊው። ግላዲዮለስ ካለሽ የአበባውን ዘንግ ብቻ አንሺ፤ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ይቆይ፣ ከመሬት በታች ያለውን ኮረት (ሽንኩርት መሰሉን ክፍል) የሚመግበው እሱ ነው።

ስለ ጊዜው፦ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የጠወለገውን ብቻ ልቀሚ። ረጥቦ የከረመ አበባ ግራጫ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም ወደ እምቡጡ ይዛመታል። ጠንከር ያለውን የጽጌረዳ ቆረጣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከመስቀል በኋላ አድርጊው፤ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ተክሉ ቶሎ ያገግማል። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያ ከእርሳስ የቀጠነውን አውጪ፤ ከቀረው ቁመት ከሲሶ በላይ አትቀንሺ። ከግንዱ ግርጌ፣ ከተዳቀለበት (ከሌላ ጽጌረዳ ሥር ጋር ከተጣበቀበት) እብጠት በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ካየሽ ከመነሻው ገንጥለሽ ጣዪው፤ ከተተወ ያንቺን ጽጌረዳ ይውጠዋል። ጥቁር ነጥብ ያለበትን ቅጠል ለቅመሽ አቃጥይ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው። በመጨረሻ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀሽ ዙሪያውን አልብሺና ውሃ አጠጪ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

መቀሱ ስለታም ይሁን፤ የደነዘ ቢላ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ በሽታም የሚገባው በዚያ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፊ 70 ፐርሰንት አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊው። በረኪና ከተጠቀምሽ አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪ፣ ብረቱን ስለሚያዝግ ግን አለቅልቀሽ ዘይት ቀቢው።

ሃይድራንጂያም ግቢሽ ውስጥ ካለ ከነዚህ ጋር አብረሽ አትከርክሚው። አብዛኛው የሚያብበው ቀደም ሲል ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ አበባው እንዳለቀ ወዲያው፣ ከላይ ካሉት ሁለት ወፍራም ዓይኖች በላይ ብቻ ይቆረጣል፤ ዘግይተሽ ከቆረጥሽው የሚመጣውን አበባ አብረሽ ትጥይዋለሽ።