አሮጌ የአሜሪካ ሳንቲም ለመሰብሰብ ለምታስቡ ወገኖች

በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመኪና ማቆሚያ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በታክሲና በትናንሽ ሱቆች ስለሚሠሩ የአገሩ ዝርዝር ሳንቲም ያለማቋረጥ በእጃቸው ይመላለሳል። ይህን አስተውለው አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመሩ አሉ፤ ምክር ሲጠይቁኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት የትኛውን መግዛት እንደሚሻል ነው። እኔ የምመክረው ግን ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ምንም ሳይገዙ ሳንቲም ማየትን እንዲማሩ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚያጣው ማየት ሳይችል የሚገዛ ሰው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመማር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ደንበኛ ከሆናችሁበት ባንክ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንቲም በተጻፈበት ዋጋ ማግኘት ይቻላል፤ የፔኒው (የአንድ ሴንቱ ሳንቲም) ጥቅል 50 ፍሬ ይዞ ግማሽ ዶላር፣ የኒክሉ (የአምስት ሴንቱ) 40 ፍሬ ይዞ 2 ዶላር፣ የዳይሙ (የአሥር ሴንቱ) 50 ፍሬ ይዞ 5 ዶላር ነው። አንድ በአንድ አይታችሁ የማትፈልጉትን መልሳችሁ ለባንኩ ስታስረክቡ ከጊዜያችሁ በቀር የምታጡት ነገር የለም። በፔኒው ላይ በቅድሚያ የሚፈለገው ከ1909 እስከ 1958 የተመረተው፣ በጀርባው ሁለት የስንዴ ዛላዎች ያሉበት ነው። ዳይምና ኳርተር (የ25 ሴንቱ ሳንቲም) እስከ 1964 ድረስ 90 በመቶ ብር ስለነበሩ ጠርዛቸውን ማየት ብቻ ይበቃል፤ የብሩ ጠርዝ አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ከዚያ በኋላ በተመረቱት ላይ ግን የመዳብ ቀይ መስመር ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የኒክል ማዕድን ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ፣ ከ1942 መጨረሻ እስከ 1945 የተመረተው ኒክል 35 በመቶ ብር እንዲኖረው ተደርጓል፤ ይህንንም በጀርባው ካለው ሕንፃ በላይ በተቀመጠው ትልቅ ፊደል መለየት ይቻላል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ከተጻፈባቸው ዋጋ ከፍ ቢሉም ሀብት የሚያመጡ አይደሉም። ከፍተኛው ዋጋ የሚወሰነው ዓመቱና ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የሚያመለክተው ትንሽ ፊደል አንድ ላይ ሲታዩ ነው። በ1909 የአብርሃም ሊንከን 100ኛ የልደት ዓመት ሲከበር ምስሉ በፔኒው ላይ ወጣ፤ ቀራፂው ቪክቶር ዴቪድ ብሬነርም የስሙን ሦስት መነሻ ፊደላት፣ ቪ፣ ዲ፣ ቢ፣ ከጀርባው ግርጌ አኖረ። ፊደላቱ ጎልተው ታዩ የሚል ቅሬታ ስለተነሣ ወዲያውኑ ከሳንቲሙ ላይ ተወገዱ። በዚያ አጭር ጊዜ የፊላደልፊያው ማምረቻ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጋ ሲመታ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ግን 484,000 ብቻ መታ። እንግዲህ አታላዩ የፊላደልፊያውን በርካሽ ገዝቶ የሳን ፍራንሲስኮን ምልክት፣ ኤስ የምትለዋን ፊደል፣ ይለጥፍበታል።

የ1914 የዴንቨር ፔኒም እንዲሁ ነው። ጥቂት ስለሆነና ዋጋው ከፍ ስለሚል የ1944ቱን የዴንቨር ፔኒ ወስደው አንደኛውን አራት ቁጥር ወደ አንድ የሚቀርጹ አሉ። የብሬነር ፊደላት በ1918 ተመልሰው በሊንከን ትከሻ ላይ ስለተቀመጡ፣ በእውነተኛው የ1914 ሳንቲም ትከሻ ላይ ሊገኙ አይችሉም፤ ተቀርጾ በተሠራው ላይ ግን ይገኛሉ፣ ካልተፋቁ በቀር፣ በዘጠኙና በአንዱ ቁጥር መካከል ያለው ክፍተትም ከተለመደው ይሰፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጥሩ አጉሊ መነጽር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለየዋል፤ የማያውቅ ግን የወር ደመወዙን ሊያስረክብበት ይችላል።

ብዙ ወሬ የሚነዛበት የ1943ቱ ፔኒ ነው። በዚያ ዓመት መዳብ ለጦርነቱ ተፈልጎ ፔኒው በዚንክ ከተለበጠ ብረት ተሠራ፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ስለተመታ ግራጫው ሳንቲም ብርቅ አይደለም። በስህተት በመዳብ ቅይጥ የተመቱት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የዴንቨሩ አንድ ፍሬ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ቀይ የ1943 ፔኒ አገኘሁ የሚል ሰው በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋው፤ ከሳበው ብረት ነው፣ በመዳብ ተቀብቷል ማለት ነው። ካልሳበው ደግሞ ይመዘን፤ የመዳቡ 3.11 ግራም፣ የብረቱ 2.7 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱን ቢያልፍም የ1948ቱ ስምንት ቁጥር ተፍቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጨረሻው ቃል የባለሙያ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ሳንቲም አትጠቡ፣ አትወልውሉ። በአገራችን የጠቆረ የብር ጌጥን ወልውሎ ማንጻት የቤት ሙያ ነው፤ በሳንቲም ላይ ግን ያ ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ስለሆነ ሲወገድ ዋጋው አብሮ ይወድቃል፣ የተፋቀውንም ሊመልሰው የሚችል የለም። ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ ለስላሳና ጠረን ካለው የፕላስቲክ ከረጢትም አርቁት፤ ከጊዜ ብዛት አረንጓዴ ቅባት ያወጣበታልና።

በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ የባንክ ጥቅሉን ስለማታገኙ መግዛት ግድ ይሆንባችኋል። እናንተ ዋጋው ከፍ ያለውን ሳንቲም በ1986 የተቋቋመው የሳንቲም መርማሪ ድርጅት ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. (PCGS) ወይም በ1987 የተቋቋመው ኤን.ጂ.ሲ. (NGC) መርምሮ፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ሰጥቶ በፕላስቲክ ካሸገው በቀር አትግዙ። ማሸጊያውም ራሱ በሐሰት ተመሳስሎ ስለሚሠራ፣ በላዩ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶው በእጃችሁ ካለው ሳንቲም ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ።

በየተንቀሳቃሽ ምስሉ በኪሳችሁ ያለው ሳንቲም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል የሚሉትን አትስሟቸው። ከበሮ መቺ ያለበት የ1976 ኳርተር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተመቷል። ለዝውውር የሚሆን ፔኒ መመታት በኅዳር 2025 ፊላደልፊያ ላይ ካበቃ ወዲህም ተራውን ፔኒ በማሰሮ የሚያከማቹ አሉ፤ አንዱን ለማምረት ከ3 ሴንት በላይ ይወጣ ስለነበር የቆመ እንጂ በሕዝቡ እጅ ያለው ገና በቢሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ፣ ብርቅ እስኪሆን ብዙ ዘመን ይጠይቃል።

ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ መነሻ ግን አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸውና ፲፱፻፴፮ (1936 ዓ.ም.) የሚል የተጻፈባቸው ሳንቲሞቻችን በፊላደልፊያው ማምረቻም ተመትተዋል። የዚያኑ ዘመን የአሜሪካ ፔኒና ዳይም ከእነርሱ አጠገብ አኑሮ መሰብሰብ በትንሽ ወጪ የሚጀመር፣ ልጆችም የሚወዱት ሥራ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ያለውን የገንዘብ ስብስብ ያለ ክፍያ ጎብኙ።

በመጨረሻም ስለ ሰነድ። በአሜሪካ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ይዛችሁት ያተረፋችሁበት የስብስብ ሳንቲም እስከ 28 በመቶ ግብር ሊጣልበት ስለሚችል፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ጠብቁ። የእያንዳንዱን ሳንቲም ዓመት፣ የማምረቻውን ፊደል፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ልጆቻችሁ በሚያነቡት ቋንቋ ጻፉ፤ የሰብሳቢው ቤተሰብ ያለውን ሳያውቅ ለመጀመሪያው ጠያቂ በክብደት የሚሸጠው ስብስብ ብዙ ነው። ዝርዝሩ ከሳንቲሞቹ ተለይቶ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።