የባሌስትራ ቡሎን አልወጣ ሲል

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከወላጅ አባቴ የተረከብኩት ባለ 109 ኢንች ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ለብዙ ዓመታት ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የቆየ መኪና ነው። ያረጁትን የኋላ ባሌስትራዎች በአዲስ ለማስቀየር ጋራዥ ባስገባው ዳዶዎቹ ቢፈቱም ቡሎኖቹ ግን ከቡሹ (በባሌስትራው ጫፍ ከገባው የቡሎን ማለፊያ) ውስጥ አልወጣ አሉ። አንደኛው መካኒክ በኦክስጅን ካልተቃጠለ አይወጣም ሲል፣ ሌላው እሳት የባሌስትራውን ብረት ያለዝበዋል ብሎ ይከለክለኛል። የማንን ልስማ?
(አንባቢ፣ ከሎግያ)

መልስ፦ ሁለተኛው መካኒክ የተናገረው እውነት ነው፤ ባሌስትራ በሙቀት ተጠንክሮ የተሠራ ብረት በመሆኑ እስኪቀላ ከጋለ የመተጣጠፍ ኃይሉን ያጣል። ይሁን እንጂ እርስዎ አሮጌውን ባሌስትራ የሚጥሉት ስለሆነ ይህ ስጋት እዚህ ላይ ብዙም አይመለከትዎትም። የእሳቱ ችግር ሌላ ነው፤ እርሱን ለመረዳትም ቡሎኑ የተያዘው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በተመረተው በዚህ መኪና ላይ የባሌስትራው ቡሽ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውጭ የብረት ቱቦ፣ በመካከል ጎማ፣ ከውስጥ ደግሞ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀጭን የብረት ቱቦ። ዝገት ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በቡሎኑና በውስጠኛው ቱቦ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ከአየር ስቦ የሚያቆይ በመሆኑ እንደ አፋር ባለ ደረቅ አገር እንኳ ሥራውን ያፋጥንለታል። ምልክቱ በእጅ ይታወቃል። የቡሎኑን ራስ በረጅም ቁልፍ ሲገፉት ጥቂት የዞረ ይመስልና ቁልፉን ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቡሎኑ ቱቦውን ይዞ ዞሮ ጎማውን ጠምዝዞታል ማለት ነው። ይህን ካዩ በኋላ መዶሻ ቢጨምሩም ጎማው ምቱን ይውጠዋል፤ ዝገቱ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

እሳቱም የሚሰናከለው በዚያው ጎማ ነው። 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀዳዳ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢጨምር የሚሰፋው 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህች ትንሽ ስፋት ዝገትን ለመሰንጠቅ ትበቃለች፤ ነገር ግን ነበልባሉ የሚያርፈው በባሌስትራው ዓይን (ቡሹ በሚገባበት የተጠቀለለ ጫፍ) ላይ ስለሆነ ውስጠኛው ቱቦ ከመጋሉ በፊት ጎማው ተቀጣጥሎ መርዛማ ጭስ ይለቃል። ጎማው ተቃጥሎ ቢያልቅም ቱቦው ከቡሎኑ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቧንቧና ቀደም ሲል የተረጨ ዝገት አላቃቂ ዘይት በአቅራቢያው ባሉበት ቦታ ለዚህች ጥቅም እሳት ማንደድ አያዋጣም።

ስለዚህ ምክሬ ቡሎኑን ለማዳን ከመታገል እንዲቆርጡት ነው። ቡሎንና ቡሽ በአዲስ የሚተኩ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ በሻንሲው ላይ የተበየደው የባሌስትራ መያዣ ግን በመዶሻ ከተጣመመ ብየዳና ልኬት የሚጠይቅ ትልቅ ሥራ ይሆናል። በቅድሚያ ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ አክስሉን በክሪክ ደግፈው፣ ባሌስትራው ጭነቱን ሁሉ እስኪለቅ ድረስ ቀስ ብለው ያስተካክሉ፤ ተወጥሮ የቆየ ባሌስትራ ድንገት ከተለቀቀ እጅ ይሰብራል። ከዚያም በባሌስትራው ዓይንና በመያዣው መካከል ባለው ስንጥቅ የሴጌቶ ምላጭ ወይም ቀጭን የግራይንደር ዲስክ አስገብተው ቡሎኑን በሁለቱም ወገን ይቁረጡት። በመያዣው ውስጥ የሚቀረው ቁራጭ አጭር በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ምት ይወጣል።

በሻክሉ (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣ) በኩል አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሁለቱ የሻክል ሳህኖች አንደኛው ራሱ ጥርስ የወጣለት ስለሆነ ዳዶው ከተፈታ በኋላም ቡሎኑ እየተዞረ መውጣት አለበት እንጂ በመዶሻ ተመትቶ አይወጣም፤ ይህን ያላወቀ መካኒክ ጥርሱን ጨርሶት ቡሎኑ ደረቀ ብሎ ያማርራል። ቡሎኖቹ የኢንች ልክ መሆናቸውንም አይርሱ። 13/16 ኢንች የሆነ ራስ 20.6 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የ21 ቁልፍ ይገባለታል፤ ሲጠነክር ግን ያንሸራትትና ጠርዙን ይበላዋል።

የሻክሉ የላይኛው ቡሽ በሻንሲው ቱቦ ውስጥ ተጨምቆ የገባ ነው። ጎማውን በድሪል ዙሪያውን በስተው ውስጠኛውን ቱቦ ያውጡ፤ ቀጥሎም የሴጌቶውን ምላጭ በቀዳዳው አሳልፈው የውጨኛውን ቱቦ በቁመቱ ይሰንጥቁትና በመሮ ወደ ውስጥ ያጥፉት። ምላጩ የሻንሲውን ብረት መንካት ሲጀምር ማቆም ያስፈልጋል። እግረ መንገድዎን ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይመርምሩት፤ የዚህ መኪና ቦዲ አሉሚኒየም በመሆኑ ከላይ ሲያዩት ያልዛገ ይመስላል፣ ሻንሲው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ድምፁ የታፈነበት ቦታ ካለ ከአዲሱ ባሌስትራ በፊት እርሱ ይቀድማል።

ሲገጥሙ የአዲሶቹን ቡሎኖች ግንድ መጣበቅን የሚከላከል የመዳብ ግራሶ ይቀቡ። ዳዶዎቹን የመጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው ወርዶ በራሱ ጎማዎች ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ መኪናው ሲያርፍ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ የባሌስትራው ቡሽ እንዳይንጫጫ በየጊዜው ግራሶ ብቀባው ይጠቅማል?
(አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቡሹ የጎማ ከሆነ አይቀቡት፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ግራሶ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም። የሚንጫጫ ጎማ ብዙውን ጊዜ ያለቀ ወይም ዳዶው የላላ ቡሽ ስለሆነ መጀመሪያ ያንን ያስፈትሹ። ድምፁ የሚመጣው ከባሌስትራው ቅጠሎች መካከል ከሆነ ግን ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ማጠቡ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።