«ልጄ ለስፔሻል ኢድ ይመርመር አሉኝ፤ ልፈርም ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን መጀመሪያ በአጭሩ ልድገመው፤ ሌሎችም እንዲከታተሉ። ሜሪላንድ ነው የምትኖሪው፤ ልጅሽ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ኢኤስኤልም (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት) ይማራል። «አያከብርም፣ የተባለውን አይሰማም» እያሉ በእኩለ ቀን ይደውሉልሻል፤ አንቺም ሥራ ጥለሽ ሄደሽ ትወስጂዋለሽ። አሁን ደግሞ «ኢሞሽናል ዲስኤቢሊቲ (ከስሜትና ከባህርይ ጋር የተያያዘ ችግር) ሊኖርበት ይችላል» ብለው የስፔሻል ኢድ፣ ማለትም የልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ የምርመራ ፈቃድ ፎርም ሰጥተውሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ብዙዎቹ «እንዳትፈርሚ» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዝም ብለሽ ፈርሚ ግን አልልሽም።

ፎርሙ የሚፈቅደው ምርመራውን ብቻ ነው። ልጁን ስፔሻል ኢድ ለማስገባት ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። አይዲኢኤ በሚባለው፣ ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት በወጣው የፌደራል ሕግ መሠረት ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጀመር አይችልም፤ ያንን ሁለተኛ ፊርማ ብትከለክዪ ትምህርት ቤቱ በክስ እንኳ ሊያስገድድሽ አይችልም። ምርመራውን እምቢ ማለት ግን የሚያሳጣሽ ነገር አለ። ሕጉ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከቅጣት የሚጠብቅበት መንገድ አለው፦ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ከክፍል ሊያስወጡት ሲወስኑ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ከወላጁ ጋር ተቀምጠው ጥፋቱ ከችግሩ የመጣ መሆኑን ማየት አለባቸው። ከዚያ የመጣ ከሆነ ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከዚህ የሚለዩት የጦር መሣሪያ፣ አደንዛዥ ዕፅና በሌላ ሰው አካል ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ ብቻ ናቸው፤ በነዚህ እስከ 45 የትምህርት ቀን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት ይችላሉ። ይህ ጥበቃ ገና አይኢፒ (ለአንድ ልጅ የሚጻፍ የስፔሻል ኢድ ዕቅድ) ለሌለው ልጅም ይሠራል፤ ወላጁ ስጋቱን በጽሑፍ ገልጾ ወይም ምርመራ ጠይቆ ከነበረ ትምህርት ቤቱ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም። ምርመራውን እምቢ ያለ ወላጅ ግን ይህን ያጣል፤ ልጁ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጣል። «እንዳትፈርሚ» ያሉሽ ይህን የሕጉን አንቀጽ ያዩት አይመስለኝም።

ፍርሃታቸው ግን መሠረት አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1968–69 የትምህርት ዘመን ጥቁር ልጆች ከተማሪው 9 በመቶ ሆነው ሳለ «የአእምሮ ዝግመት» ተብለው በተለዩ ክፍሎች ውስጥ 27 በመቶ ነበሩ። በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው ላሪ ፒ የሚባለው ክስ በ1979 ሲወሰን ጥቁር ልጆችን በአይኪው ፈተና እየለዩ እዚያ ማስገባት ተከለከለ። ቅጣቱም እንዲሁ ነው። የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2013–14 በሰበሰበው መረጃ ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከትምህርት ቤት የመታገድ ዕድላቸው 3.8 እጥፍ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እንኳ ከልጆቹ 19 በመቶ ሆነው ከታገዱት 47 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ነው ታገደ የሚባለው! የኛ ልጆች ቤት ውስጥ ሐበሻ ቢሆኑም በትምህርት ቤቱ መዝገብ «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ይህ ሁሉ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ልዩነቱ የሚገባበትን በር ካወቅሽ ልትቆሚበት ትችያለሽ። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ነጭ ተማሪ ወደ ቢሮ የሚላከው በአብዛኛው በሚታይና በሚቆጠር ጥፋት ነው፦ አጨሰ፣ ዕቃ ሰበረ። ጥቁሩ ተማሪ የሚላከው ግን በአስተማሪው ግምት በሚለካ ነገር ነው፦ «ንቀት አሳየ»፣ «ጮኸ»፣ «አስፈራራ»። ለልጅሽ የተጻፈውም «አያከብርም» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በመጣ ቁጥር በኢሜይል ጠይቂ፦ በትክክል ምን አለ? ምን አደረገ? በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ትምህርት ላይ? ከዚያ በፊት ምን ታዞ ነበር? ከዚያስ ምን ተደረገ? እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት መልሶች ሲጠራቀሙ ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ ይገለጣል። ለምሳሌ ሁሉም የሆነው በንባብ ሰዓት ከሆነ ልጁ የሚሸሸው ንባቡን ነው፤ ወደ ቤት በላኩት ቁጥር የፈለገውን እየሰጡት ነው ማለት ነው፤ ነገም ይደግመዋል።

ስለ ስልኩ ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፤ ወረቀት ላይ የለምና። በሜሪላንድ ከ2017 ጀምሮ ከቅድመ መደበኛ እስከ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅን ማገድ ተከልክሏል። የጦር መሣሪያን ከሚመለከተው የፌደራል ሕግ ውጭ የሚፈቀደው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ በሌሎች ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ የቅርብ አደጋ አለ ሲባል፣ ያውም ከሳይኮሎጂስት ወይም ከሌላ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ተመክሮ፣ ከ5 የትምህርት ቀን ላልበለጠ ጊዜ። «አያከብርም» እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እገዳ ብለው ሊጽፉት የማይችሉትን በስልክ «መጥተሽ ውሰጂው» ይሉታል። አንቺ በቅንነት ትሄጃለሽ፤ መዝገቡ ላይ «ወላጅ ወሰደችው» ተብሎ ይቀራል፤ ልጁ ያጣው ሰዓት ከ10ሩ ቀን ውስጥ አይቆጠርለትም። የፌደራሉ መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው አወጣጥ ስሙ ባይጠራም እንደ እገዳ ሊቆጠር እንደሚችል አስታውቋል። ከእንግዲህ ሲደውሉ በትህትና እንዲህ በያቸው፦ «ታሟል ወይ? ካልታመመ እገዳ ነው ወይ? ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ።» ብዙ ጊዜ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። መሄድ ግድ ከሆነብሽ የዚያኑ ቀን «ዛሬ በ11:20 ደውላችሁ እንድወስደው ጠይቃችሁኛል፤ የነገራችሁኝ ምክንያት ይህ ነው» የሚል ኢሜይል ላኪ። ያለፉትንም ከስልክሽ የጥሪ መዝገብ እያየሽ ቀንና ሰዓቱን ጻፊያቸው። ሙሉ ፋይሉንም በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩሽ በሕግ ይገደዳሉ።

አሁን ወደ ምርመራው። ስትፈርሚ ከፎርሙ ጋር አንድ ገጽ አያይዢ። መስማትና ማየቱ ከሁሉ በፊት ይታይ፤ ጆሮው ተደጋግሞ የሚያመው ልጅ «አይሰማም» መባሉ የተለመደ ነው። «በባህርይው ብቻ» ሳይሆን በንባብ፣ በቋንቋና በትኩረትም ይመርመር። አማርኛ በሚያውቅ ሰው ወይም ቢያንስ በንግግር ላይ በማይመሠረት ፈተና ይፈተን። ሕጉ ፈተናው በዘርም በባህልም የማያዳላ፣ በልጁ ቋንቋ የሚሰጥ ይሁን ይላል። በእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ ወይም በደንብ ባለመማር ምክንያት ልጅ አካል ጉዳተኛ ሊባል እንደማይችልም በግልጽ ተጽፏል። የእንግሊዝኛ ደረጃውን የሚያሳየው የዊዳ ፈተና ውጤት ጠረጴዛው ላይ እንዲቀርብ ጠይቂ። አስተርጓሚ እዚያው ቁጭ ብሎ የእንግሊዝኛውን ፈተና እየተረጎመ የሚገኝ ነጥብ ዋጋ የለውም፤ የፈተናው መለኪያ ለዚያ አልተሠራምና።

የንግግር ባለሙያዋ ልትስታቸው የምትችል ነገሮች አሉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ በእንግሊዝኛ ምላስን በጥርስ መሀል አድርጎ የሚወጣው ድምፅም የለውም። ልጁ እነዚህን ቢያሳስት የቋንቋ ልዩነት እንጂ ሕመም አይደለም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ስለዚህ በአማርኛ መቼ አፍ እንደፈታ፣ አያቶቹ ሲያወራ ይገባቸው እንደሆነ፣ ተረት ሰምቶ መልሶ መናገር ይችል እንደሆነ ጽፈሽ ስጪ። «ዓይን ለዓይን አያይም» ብለው ከጻፉም ታላቅ ሲቆጣው ዓይኑን ዝቅ ማድረግ ቤት ውስጥ የተማረው ጨዋነት መሆኑን ንገሪያቸው፤ ካልተነገራቸው ከየት ያውቁታል?

የባህርይ መጠይቁ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በዪ። አስተማሪ «ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ» እያለ የሚሞላው ቅጽ ነው፤ ውጤቱ በነጥብ ይመጣል፤ በአብዛኞቹ አማካዩ 50 ነው፣ 70ና ከዚያ በላይ ከባድ ችግር ተብሎ ይነበባል። ያንን ቅጽ የምትሞላው ልጁን ወደ ቢሮ የምትልከው አስተማሪ ብቻ ከሆነች፣ ያው ግምቷ በቁጥር ተለብጦ ይመለሳል። ቢያንስ ሁለት አስተማሪዎች (የኢኤስኤሏ አንዷ ትሁን) እና አንቺ እንድትሞሉት፣ አስተማሪዋ ያልሆነ ሰውም ልጁን በተለያየ ሰዓት ክፍል ገብቶ እንዲያየው ጠይቂ። «ኢሞሽናል» ለመባል ችግሩ ለረጅም ጊዜ የቆየ፣ ጎልቶ የሚታይና ትምህርቱን የጎዳ መሆን አለበት። ከአንድ አስተማሪ ጋር አለመግባባት ይህን አያሟላም።

ከፈረምሽ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። በሜሪላንድ ሪፖርቶቹን ውጤቱን አብራችሁ ከምታዩበት ስብሰባ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡሽ ይገባል፤ ካልሰጡሽ ስብሰባው ይተላለፍ በዪ። አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ እንግሊዝኛ ብትችዪም። ትልቁን ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳትወስጂ። አይኢፒ ከቀረበልሽ ከስያሜው ይልቅ የሰዓቱን ገጽ ፈልጊ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ከመደበኛው ክፍል ውጭ ነው? የትምህርቱ ሳምንት 30 ሰዓት ከሆነና 6 ሰዓት ከወጣ 80 በመቶውን ከእኩዮቹ ጋር ነው። 20 ሰዓት ካሉሽ ግን ልጁ በተግባር ከክፍሉ ወጥቷል። ጥቁር ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ የሚበዙት እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ነው አጥብቀሽ መከራከር ያለብሽ። እዚያው አትፈርሚ፤ ቤት ወስጄ አነበዋለሁ በዪ። በምርመራው ካልተስማማሽ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ ባለሙያ በእነሱ ወጪ እንዲደገም በጽሑፍ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ትክክል መሆኑን ዳኛ ፊት ያስረዳሉ።

ሌላም ልነግርሽ የምፈልገው አለ። ልጁ በእርግጥ ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ትኩረት ማጣት ወይም ፊደልና ድምፅ ማገናኘት አለመቻል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በተመሳሳይ ውጤት ላይ ያሉ ልጆች ሲነጻጸሩ ጥቁሮቹ የሚገባቸውን እርዳታ የሚያገኙት ከነጮቹ ባነሰ መጠን ነው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፦ ንባቡ ያቃተው ልጅ የንባብ እርዳታ ሳያገኝ «ባህርይ የሌለው» ተብሎ ይመዘገባል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ስፔሻል» ሲባል ሰው ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ብዙ ልጅ ጎድቷል። ልጁ እርዳታ ካስፈለገው ይጠቀም፤ መታገል ያለብሽ ትክክለኛው ስም እንዲሰጠውና ከክፍሉ እንዳይወጣ ነው።

ስብሰባው ላይ ስለ ዘር ላንሳ ወይ ላልሽው፦ ስብሰባው ስለ ልጅሽ ይሁን፤ «ዘረኞች ናችሁ» ካልሽ ሰዓቱ በመከላከል ያልቃል። ይልቅ ትምህርት ቤቱ ማንን ስንት ጊዜ እንዳገደ በዘር ተከፋፍሎ ለሕዝብ የሚወጣ መረጃ ስላለ አውጥተሽ በተለየ ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩና ለዲስትሪክቱ ላኪ። በሕግ የተቀመጠው ካልተፈጸመ ለሜሪላንድ ትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፤ ነገሩ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ይቀርባል፣ ውሳኔው በ60 ቀን ይሰጣል። ለፌደራሉ የሲቪል መብት ቢሮ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2025 ከ12 ቅርንጫፎቹ 7ቱ እንዲዘጉ፣ የሜሪላንድን ጉዳይ የሚያየው የፊላዴልፊያውም ጭምር፣ ስለተወሰነ የክፍለ ግዛቱን አስቀድሚ። ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ የሚባለው የወላጆች ማዕከል በነፃ ይረዳል፤ ከስብሰባው በፊት ደውዪላቸው።

የምታያይዢውን ገጽ እንግሊዝኛውን አብረን እናስተካክለው ካልሽ እዚሁ ለጥፊው፤ የልጁንና የትምህርት ቤቱን ስም ግን አጥፊ።